ከምረንዝ እስከ ዋርፋሪን፦ የልብ ምት መድኃኒቶችና የልክ ታሪክ

በአማርኛ «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ሥሩ ግእዝ ነው፤ «ድኅነ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ መዳንንና ማዳንን ያመለክታል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን «መድኃኒት አበሉት» ሲባል የሚሰማ ሰው ሕመምተኛው ተፈወሰ ብሎ አይረዳም፤ ተመረዘ ወይም ተደገመበት ብሎ ነው የሚረዳው። «መድኃኒት ጠጣች» የተባለላትም ሴት ራሷን ለማጥፋት የሞከረች ልትሆን ትችላለች። የጥንት ግሪኮችም «ፋርማኮን» በሚለው ቃላቸው ፈውስንም መርዝንም ይጠሩበት ነበር። ይህ የቋንቋ ድህነት አይደለም። አንድ ነገር ሊያድንም ሊገድልም እንደሚችል፣ ሁለቱን የሚለያቸውም ልኩ እንደ ሆነ ዘመናት ያስተማሩት ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት ከሁሉ ይበልጥ የሚጸናው በልብ ምት መድኃኒቶች ላይ ነው። የልብ ምት መዛባት በሐኪሞች ዘንድ አሪትሚያ ይባላል። አንዳንዱ ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ሌላው ደግሞ፣ ይልቁንም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የላይኛው የልብ ክፍል መርገብገብ፣ ደም በልብ ውስጥ እንዲረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ እንዲያስከትል ያደርጋል። ለነዚህ ሕመሞች በአፍ የሚወሰዱት ክኒኖች አብዛኞቹ የሚያድነው መጠናቸውና የሚጎዳው መጠናቸው ጎረቤታሞች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የነዚህን መድኃኒቶች ታሪክ በአጭሩ መከተል፣ አገራችን በዚያ ታሪክ ውስጥ ያላትን ስፍራ ማሳየት፣ ከዚያም ለኛ ለስደተኞች የሚተወውን ጥያቄ ማንሣት ነው። ክርክራችን እንዲህ ነው፦ እነዚህ ነገሮች መድኃኒት የሆኑት በባሕርያቸው ብቻ ሳይሆን ልካቸውን በሚጠብቅ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም በመዝገብ፣ በምርመራ፣ በክትትልና ሕመምተኛው በሚረዳው ቋንቋ ነው። ክኒኑ ከዚህ ሥርዓት ተነጥሎ ሲጓዝ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። እኛ ደግሞ ክኒን በማጓዝ የታወቅን ሰዎች ነን። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ምረንዝ፦ ፍላጻና አፍ

በኢትዮጵያ ደረቅ የተራራ ደኖችና ቁጥቋጦዎች ውስጥ፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ አበባው መዓዛ ያለው አንድ ዛፍ ይበቅላል። በአማርኛ ምረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ይባላል። የሳይንስ ስሙ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ሲሆን፣ ስያሜው በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕድሜውን በዚያው ካሳለፈና በ1878 በዐድዋ ካረፈው የጀርመን የዕፀዋት ተመራማሪ ከቪልሄልም ሺምፐር የተወሰደ ነው።

የሶማሌና የሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የዚህን ዛፍ እንጨትና ሥር እስኪወፍር አፍልተው ፍላጻቸውን ይቀቡበት ነበር። በ1888 አርኖ የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከዚህ እንጨት ጥሩውን ንጥረ መርዝ ለይቶ አወጣና በሶማሊኛው «ዋባዮ» ስም ዋባይን ብሎ ጠራው። ከዚያ ቀደም ብሎ ከሊቪንግስተን ጋር በዛምቤዚ ወንዝ የተጓዘው ሐኪም ጆን ከርክ ስትሮፋንተስ ከሚባል ሌላ ተክል የሚሠራ የፍላጻ መርዝ አግኝቶ ነበር። መርዙ የጥርስ ብሩሹን ነክቶት ኖሮ፣ የገዛ ደም ሥሩ ትርታ ሲለወጥ ማስተዋሉ በሕክምና ታሪክ ይነገራል። ተክሉን በኋላ ያጠናው የኤዲንብራው ሊቅ ቶማስ ፍሬዘር ነው።

እነዚህ መርዞች የሚሠሩት በልብ ላይ ነው። የልብ ሕዋሳት ሶዲየምን እያወጡ ፖታሲየምን የሚያስገቡበት ረቂቅ መሣሪያ አላቸው፤ ይህን መሣሪያ በ1957 የገለጸው የዴንማርኩ ሊቅ የንስ ስኩ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ዋባይንና ዘመዶቹ ይህን መሣሪያ ያግዱታል። በጥቂቱ ሲሆን ልብ ጠንክሮ እንዲመታ ያደርጋሉ፤ በዛ ሲል ምቱን አዛብተው ያቆሙታል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አዳኞቹ በዚሁ ፍላጻ የጣሉትን እንስሳ ሥጋ ይበሉ ነበር። ዋባይን ወደ ደም በቀጥታ ሲገባ በጥቂት መጠን የሚገድል ሲሆን፣ በአንጀት በኩል ግን ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂቱ ነው። ይህ ማለት ተክሉን መቅመስ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ መርዙ በአፍም ቢሆን በዛ ሲል ይጎዳል። አዳኞቹ የተረዱት ግን የኬሚስትሪ ሊቃውንት በኋላ በቤተ ሙከራ ያረጋገጡትን ነው፦ መድኃኒት የሚገባበት መንገድ ራሱ የልኩ አካል ነው። ኤውሮፓውያን ሐኪሞች ዋባይንን ያዋሉት በአብዛኛው በመርፌ ነበር። በአፍ የሚዋጠው የልብ መድኃኒት ከሌላ ተክል መምጣት ነበረበት።

፪. ከምሥጢር ወደ መዝገብ

ያ ተክል ዲጂታሊስ ነው። በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በሽሮፕሽር አገር አንዲት አሮጊት በምሥጢር ስለ ያዘችው የቤተሰብ መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። መድኃኒቱ ከሃያ ከሚበልጡ ዕፀዋት የተቀመመ ነበር። ዊዘሪንግ ከነዚያ ሁሉ መካከል የሚሠራው ዲጂታሊስ መሆኑን አወቀ። ታላቅነቱ ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ለዐሥር ዓመታት ያህል መጠኑን እየለዋወጠ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ በ1785 ባሳተመው መጽሐፍም 163 ሕመምተኞችን የዳኑትንም ያልዳኑትንም ሳይለይ አቀረበ። መጠኑ ሲያልፍ ማቅለሽለሽና ማስታወክ እንደሚመጣ፣ ዓይን ነገሮችን ቢጫና አረንጓዴ አድርጎ እንደሚያይ፣ ትርታም እንደሚዘገይ መዘገበ፤ ምልክቱ ሲታይም መድኃኒቱ ይቁም አለ። ይህ ማስጠንቀቂያ ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላም አልተሻረም።

የኛን አገር ታሪክ ከዚህ አጠገብ ስናስቀምጠው የሚያሳዝን ልዩነት እናያለን። ኢትዮጵያም መጽሐፈ መድኃኒት ነበራት። ደብተሮች በብራና የጻፏቸውን የሕክምና ድርሳናት ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ሰብስቦ በ1968 እና በ1973 አሳትሟል። የዕፀዋቱ ስም ብዛት ብቻ እንኳን የተመልካችነታቸውን ጥልቀት ይመሰክራል። ነገር ግን የመድኃኒት ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ አንድ ደቀ መዝሙር በጆሮ የሚተላለፍ ምሥጢር ሆኖ ቆየ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ምሥጢሩ እንጀራ ነበር፤ ምሥጢሩን የገለጠ ደግሞ በመድኃኒተኛነት ወይም በመተተኛነት ሊከሰስ ይችል ነበር። የሽሮፕሽሯ አሮጊትም እንደኛ ደብተራ ምሥጢሯን የጠበቀች ሴት ነበረች። ልዩነቱ ከሷ በኋላ የመጣው ሰው ሽንፈቱን ጭምር በአደባባይ ማተሙ ነው። ልክ የሚገኘው ደግሞ የተሳሳተው መጠን ሲመዘገብ ነው።

በ1930 ሲድኒ ስሚዝ በበሮውስ ዌልካም ኩባንያ ቤተ ሙከራ ከዲጂታሊስ ዘር ከአንደኛው ዲጎክሲንን ለይቶ አወጣ። ከዚያ በኋላ ቅጠል መመዘን ቀርቶ ክኒን መቁጠር መጣ፤ ብዙዎችም የልክ ጉዳይ አበቃ ብለው አሰቡ። አላበቃም። በ1971 ሊንደንባውምና ባልደረቦቹ ከተለያዩ አምራቾች የተገኙ፣ በላያቸው እኩል መጠን የተጻፈባቸው የዲጎክሲን ክኒኖች በሰው ደም ውስጥ እስከ ሰባት እጥፍ የተለያየ መጠን ሊያሳዩ እንደሚችሉ አስረዱ። ጽሑፉ አንድ፣ ክኒኑ ሌላ ነበር። ያ ግኝት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች የክኒንን አሟሟና ወደ ደም አገባብ በጥብቅ እንዲመረምሩ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ዛሬም ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ እየደከመ ከሄደ፣ ከባድ ተቅማጥ ከያዘው፣ ወይም እንደ ፉሮስማይድ ያለ የሽንት ክኒን ፖታሲየሙን ካወረደበት፣ ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ መርዝ ሊሆንበት ይችላል።

፫. ምቱ ተስተካክሎ ሰው ሲሞት

ሁለተኛው የታሪኩ ክር ከወባ ይጀምራል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ የኔዘርላንድ ነጋዴ የተዛባ ትርታውን በኪኒን እንደሚያስተካክል ለታዋቂው ሐኪም ለቬንከባክ ነገረው። ቬንከባክ በ1914 ይህን ጻፈ፤ በ1918 ደግሞ ፍራይ የሚባል ጀርመናዊ ከኪኒን ዘመዶች ሁሉ የበለጠ የሚሠራው ኪኒዲን መሆኑን አሳየ። ኪኒዲን ለአያሌ ዓመታት የልብ ምት ዋና መድኃኒት ሆኖ ኖረ። ይሁንና የሚወስዱት ሰዎች አንዳንዶቹ በድንገት ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁ ነበር። ከሕመማቸው ነው ይባል ነበር፤ በ1964 ግን ሴልዘርና ሬይ የተባሉ ሐኪሞች የሚጥላቸው ሌላ አደገኛ የምት መዛባት መሆኑን፣ ያንንም የሚያመጣው መድኃኒቱ ራሱ መሆኑን አስረዱ። በ1978 ደግሞ ኪኒዲን ከዲጎክሲን ጋር አብሮ ሲወሰድ የዲጎክሲንን መጠን በደም ውስጥ እጥፍ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ታወቀ። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲታዘዙ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር።

ታላቁ ትምህርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሰማንያዎቹ ዓመታት ልባቸው በድንገተኛ ሕመም የተጎዳ ሰዎች ላይ ትርፍ ምቶች ከታዩ፣ እነሱን የሚያጠፋ ክኒን ይሰጣቸው ነበር። አስተሳሰቡ ቀና ይመስላል፤ ትርፍ ምት የሞት ምልክት ከሆነ ምልክቱን ማጥፋት ሞትን ማራቅ ነው። በአሜሪካ ካስት በሚል አሕጽሮት የታወቀው ጥናት ይህን ለመፈተን ተነሣ። በ1991 የወጣው ዘገባ እንዳሳየው ከ1,498 ሕመምተኞች መካከል ፍሌካይናይድ ወይም ኤንካይናይድ ከተሰጣቸው 755 ሰዎች 63 ሲሞቱ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው 743 ሰዎች የሞቱት 26 ነበሩ። የልብ መመዝገቢያው ወረቀት ላይ ምቱ ተስተካክሎ ነበር፤ ሰውየው ግን ሞተ። ፍሌካይናይድ ዛሬም ሥራ ላይ አለ፤ የሚታዘዘው ግን የልባቸው ጡንቻ ያልተጎዳ መሆኑ ለተረጋገጠ ሰዎች ነው።

ይህ ታሪክ ከሕክምና ውጭ ላለ አንባቢም ትርጉም አለው። ሕመምተኛው «ትርታዬ ተስተካክሏል፤ ድኛለሁ» ብሎ ክትትሉን ሲተው፣ ወይም «ለጎረቤቴ የረዳው ለኔም ይረዳኛል» ብሎ ክኒን ሲዋዋስ፣ ካስት ያፈረሰውን ግምት በቤቱ ይደግማል። አንዱን ሰው ያዳነ የምት መድኃኒት ሌላውን ሊገድል የሚችለው ልባቸው አንድ ስላልሆነ ነው።

፬. የአይጥ መርዝና የካይሮ ዕፅ

ሦስተኛው ክር ከከብት ይጀምራል። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የጣፋጭ ክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር። የዊስኮንሲኑ ካርል ሊንክ የጥፋቱን ንጥረ ነገር አገኘ፤ ከሱም ዘመዶች አንዱ ዋርፋሪን በሚል ስም በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። በ1954 ለሰው ተፈቀደ። ዋርፋሪን ምትን አያስተካክልም፤ የተዛባ ምት የሚያመጣውን የደም መርጋት ግን ይከላከላል፤ ሕዝባችንም «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል። ሲያንስ ስትሮክ፣ ሲበዛ መድማት ነው። ልኩ የሚታወቀው ክኒኑን በማየት ሳይሆን የሕመምተኛውን ደም በመመርመር ነው። የየቤተ ሙከራው ውጤት ስለሚለያይ የዓለም የጤና ድርጅት በ1983 አይ ኤን አር የሚባለውን ዓለም አቀፍ መለኪያ አጸደቀ። ለብዙዎቹ ሕመምተኞች ዒላማው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ሰው ሠራሽ የልብ በር ለገባላቸው አንዳንዶች ከዚያ ከፍ ይላል። የአይጡን መርዝ የሰው መድኃኒት ያደረገው ይህ ቁጥር ነው።

አራተኛው ክር ከጎረቤታችን ከግብጽ ነው። ግብጻውያን ለኩላሊት ሕመም ኬላ የሚባል ዕፅ ከጥንት ጀምሮ ያፈሉ ነበር። በ1940ዎቹ ካይሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው አንረፕ የዚህ ዕፅ ንጥረ ነገር የልብን ደም ሥር እንደሚያሰፋ አስተዋለ። የቤልጅግ ኬሚስቶች ከዚህ ተነሥተው በ1961 አሚዮዳሮንን ሠሩ፤ የቡዌኖስ አይረሱ ሐኪም ሮዘንባውምም በሰባዎቹ ዓመታት ለከባድ የምት መዛባት ያለውን ኃይል አሳየ። አሚዮዳሮን ኃይለኛ ነው፤ ከሰውነት ለመውጣትም ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፤ ክኒኑ ቢቆምም መድኃኒቱ አይቆምም። ሳንባን፣ ጉበትንና ታይሮይድን ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው ምርመራ ይፈልጋል። የዋርፋሪንንና የዲጎክሲንን ኃይልም ስለሚጨምር፣ አብሮ ሲታዘዝ ሐኪሙ የነሱን መጠን ይቀንሳል።

ለኢትዮጵያ የተለየ ጉዳይ አለው። አንዱ የ200 ሚሊግራም የአሚዮዳሮን ክኒን 75 ሚሊግራም ያህል አዮዲን ይዟል፤ ጎልማሳ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ግን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ምንም እንኳ ሰውነት ያን ሁሉ ባይጠቀምበት፣ የሚለቀቀው ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ነው። በአዮዲን እጥረት ባደጉና እንቅርት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ይህ ድንገተኛ ጎርፍ የታይሮይድን ሥራ ከልክ በላይ ሊያስነሣው ይችላል፤ ያም በተራው ልብን ይበልጥ ያዛባል። በኢትዮጵያ የጨው አዮዲን ደንብ የወጣው በ2011 ነው፤ ከዚያ በፊት በደጋው አገር ያደገ ትውልድ ዛሬ የልብ መድኃኒት በሚታዘዝበት ዕድሜ ላይ ይገኛል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ለአሚዮዳሮን የተነገረ ይመስላል። አንገታቸው ያበጠ ወይም ያበጠ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ይህን ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው።

፭. በአገራችን

በኤውሮፓና በአውስትራሊያ የልብ ምት መዛባት በብዛት የሽማግሌዎች ሕመም ነው። በኢትዮጵያ ግን የወጣቶችም ነው። ምክንያቱ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ ሕመም ነው፤ የልብን በሮች ያጠብባል፤ በሩ ሲጠብ የላይኛው ክፍል ያብጣል፤ ሲያብጥም መርገብገብ ይጀምራል። ይህ የድህነት ሕመም ነው፤ በሰሜን አውስትራሊያ በነባሩ ሕዝብ መካከል ዛሬም መኖሩ ይህን ያረጋግጣል።

ሬመዲ የተባለው ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በህንድና በየመን በሚገኙ 25 ሆስፒታሎች ከ2010 እስከ 2012 የሩማቲክ ልብ ሕመም ያለባቸውን 3,343 ሰዎች መዝግቧል። አማካይ ዕድሜያቸው 28 ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነበረበት። ለጉዳያችን ዋናው ቁጥር ቀጥሎ ያለው ነው፦ ደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው 946 ሰዎች መካከል የደማቸው ልክ በተፈለገው ወሰን ውስጥ የተገኘው 269 ብቻ ነበሩ። ክኒኑ ደርሷቸው ነበር፤ ልኩ ግን አልደረሳቸውም። ዋርፋሪን ጽንስን ስለሚጎዳም፣ ከነዚህ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ለመውለድ የደረሱ ሴቶች መሆናቸው ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል።

አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች አይ ኤን አር ሳይለካ የሚወሰዱ ስለሆኑ ችግሩን ይፈቱታል የሚል ተስፋ ነበር። በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕመምተኞች ላይ ሪቫሮክሳባንን ከዋርፋሪን ዓይነቶች ጋር አነጻጸረ፤ ዋርፋሪን የተሰጣቸው የሞቱት ያነሱ ሆነው ተገኙ። ለኤውሮፓዊው ሽማግሌ የተሻለው ክኒን ለደሴዋ ወጣት የተሻለ አልሆነም። ይህን ለማወቅ በእሷና በመሰሎቿ ላይ ጥናት መደረግ ነበረበት።

አገር ውስጥ የተደረገውን ጥረት አለመጥቀስ ግፍ ይሆናል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ተከፈተ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ፋኩልቲ በስድሳዎቹ ዓመታት ተቋቋመ። በ1989 ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ፤ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራ ጀመረ። በ2015 አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀው የሩማቲክ ልብ ሕመምን ከአፍሪካ የማጥፋት መግለጫ በአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጸድቋል። እነዚህ ሐኪሞች የሚሠሩት ብዙ የሞያ ባልደረቦቻቸው ከ1974 አብዮት ወዲህ በተሰደዱበት አገር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ልክ በቤት ውስጥም ይጠበቃል። በሁዳዴ 55 ቀናት ጎመንና ቆስጣ በገበታችን ላይ ይበዛል፤ በነዚህ ቅጠሎች ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ በድንገት ይቀራል፤ የዋርፋሪኑም ኃይል በድንገት ይነሣል። መፍትሔው ጎመንን መፍራት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በተቀራረበ መጠን መብላትና ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪም መንገር ነው። ሕመምተኛ ከጾም እንዲያርፍ ክርስትናም እስልምናም ይፈቅዳሉ። በጠበል ምክንያት ክኒን ማቆምም እንዲሁ ነው። በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤድስ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ያ ትምህርት ለልብ መድኃኒትም የማይሆንበት ምክንያት የለም። ከገበያ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ፍላጂል የዋርፋሪንን ኃይል እጅግ ይጨምራል፤ አስፒሪንና አይቡፕሮፌን የመድማትን አደጋ ያበዛሉ፤ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ደግሞ አሚዮዳሮን ወይም ሶታሎል ለሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠየቅ የሚዋጥ አይደለም።

፮. በሻንጣ የሚሄደው ክኒን

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በያራቪል ነው። ከጎረቤቱ ከፉትስክሬይ ጋር በሜልበርን ምዕራብ የሚገኝ ሠፈር ነው፤ በአካባቢውም ኢትዮጵያውያን ከሰማንያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ኖረናል፤ ነግደናል፤ አርጅተናልም። ወጣት ሳለን የመጣነው አሁን በየኪሳችን የክኒን ሳጥን የምንይዝ ሆነናል። ስለዚህ የልክ ታሪክ ለኛ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ችግር የቁጥር ነው። በአውስትራሊያ የዲጎክሲን ክኒን ላይ 250 ማይክሮግራም ተብሎ የሚጻፈው በሌላ አገር ሣጥን ላይ 0.25 ሚሊግራም ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። «0.25»ን የክኒን ሩብ ብሎ የሚያነብ ሰው የታዘዘለትን አንድ አራተኛ ይወስዳል። ባለ 62.5 ማይክሮግራሙ ትንሽ ክኒን ደግሞ የትልቁ ሩብ ነው፤ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው መጠኑን አራት እጥፍ ከፍ ወይም ዝቅ አደረገ ማለት ነው። ሁለተኛው ችግር የቋንቋ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕመምተኛው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ያስባል፤ የሚተረጉምለት የልጅ ልጁ ነው። በዚህ አገር ግን ከ1973 ጀምሮ በስልክ የሚሰጥ የአስተርጓሚ አገልግሎት አለ፤ መድኃኒት ቤቶችም ያለ ክፍያ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ፋርማሲስት ቤት ድረስ መጥቶ የሕመምተኛውን መድኃኒቶች ሁሉ የሚመረምርበት አሠራር አለ፤ ለዚህ የቤተሰብ ሐኪምን መጠየቅ ይበቃል። እነዚህ አገልግሎቶች የልክ መሣሪያዎች ናቸው፤ ካልጠየቅናቸው ግን አይመጡም።

ሦስተኛው ችግር የኛው የራሳችን ደግነት ነው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ሁልጊዜ የማንም ያልሆነ ከረጢት አለ፤ በውስጡም ክኒን። በያራቪል በአንድ ለቅሶ ቤት የተሰማው ታሪክ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይሆንም። በአዲስ አበባ የምትኖር የልብ በር የተቀየረላት ሴት ዋርፋሪኑን ወንድሟ ከዚህ ይልክላት ነበር። ክኒኑ አንድ ቀንም ተቋርጦባት አያውቅም። ደሟ ግን ስምንት ወር ሙሉ አልተለካም፤ መለኪያው ሩቅ ነበር፤ ክፍያም ነበረው፤ ክኒኑ ስላለ የሚያስፈልግም አልመሰላት። በአንጎሏ ውስጥ ደም ፈሶ ሞተች። ወንድሟን የሚወቅስ ሰው አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም። እሱ የላከው ሕይወቷን የሚጠብቅላትን ነገር መስሎት ነበር፤ ከሜልበርን መላክ የሚቻለውም እሱ ነበር። ሥርዓቱ በሻንጣ አይገባም።

ወይስ ይገባል? የዚህ ጸሐፊ አስተያየት በከፊል ይገባል የሚል ነው። ምሁራን ማኅበራችን ስለ አገራችን ሥርዓተ መንግሥት ብዙ ጽፏል፤ በዚህ በኩል ግን በእጁ ያለውን ሥራ ገና አልጀመረም። ሊሠራ የሚችለው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የኪስ ካርድ ያስፈልገናል፤ የመድኃኒቱን ዋና ስም፣ መጠኑን በሚሊግራምም በማይክሮግራምም፣ የሚወሰድበትን ሰዓት፣ የመጨረሻውን የምርመራ ውጤትና ቀን የሚይዝ። ሕመምተኛው አገር ሲቀይር፣ ሐኪም ሲቀይር፣ ለበዓል ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድ ካርዱ አብሮት ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ቃላት። የልብ ምት፣ ትርታ፣ የደም መርጋት፣ የመድኃኒት መወራረስ፣ ያመለጠ ክኒን፣ እነዚህን በአንድ ወጥ አማርኛ የሚያስቀምጥ መዝገበ ቃላት ሐኪሞቻችንና የቋንቋ ሊቃውንቶቻችን አብረው ሊያዘጋጁ ይችላሉ። በውስጡም እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሊያውቃቸው የሚገቡት አጭር ሕጎች ይጻፉ፤ ክኒን ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አይቋረጥም፤ ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት አይዋጥም፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን ለሐኪም ሳይነገር አይጨመርም፤ ራስ ካዞረ፣ ሰው ከሳተ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ዓይን ቢጫ ካየ፣ ድድ ወይም ሽንት ከደማ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተያዘ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ገንዘባችን የሚሄድበት አቅጣጫ ይለወጥ። ለእኅቱ የሦስት ወር ዋርፋሪን የሚገዛ ሰው በዚያው ገንዘብ የደም ምርመራዋንና ወደ ክሊኒክ የምትመላለስበትን ትራንስፖርት ሊከፍልላት ይችላል። ማኅበራት ደግሞ ለአንድ የክልል ሆስፒታል የአይ ኤን አር መለኪያና ለመለኪያው የሚያስፈልገውን ዕቃ በየዓመቱ ሳያቋርጡ ለመላክ ቃል ሊገቡ ይችላሉ። አንድ ጊዜ ተልኮ የሚረሳ መሣሪያ በመጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀራል፤ በየዓመቱ የሚላክ ግን የክትትል ሥርዓት ይሆናል። ይህን ለማድረግ አዲስ መንግሥት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በመጪው ጉባኤያችን አጀንዳ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል፦ ከክኒኑ በፊት የመለኪያውን ዋጋ እንላክ።